«ፈረሰኛው ገደለኝ»፦ የኤልደን ሪንግ ጥያቄና መልስ

ኤልደን ሪንግ ስለሚባለው የቪዲዮ ጌም ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ጻፋችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ጌሙን እወደዋለሁ፤ ጥብቅና ግን አልቆምለትም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ገና ሜዳው ላይ እንደወጣሁ ወርቃማ ፈረሰኛ ገደለኝ። ተመለስኩ፣ ደገመኝ። ይሄ ጌም ለሰው ነው የተሠራው?

አይዞህ ወንድሜ። እሱ ትሪ ሴንቲኔል ይባላል። እዚያ የተተከለው አሁኑኑ እንድትጥለው አይደለም። ያልቻልከውን ትተህ ሌላ ቦታ ሂድ እያለህ ነው። ለእኔ የጌሙ ትልቁ ጥንካሬ ይሄው ነው። እነ ዳርክ ሶልስ (የዚሁ ኩባንያ የቀድሞ ጌሞች) ላይ አንድ ቦስ፣ ማለትም ትልቅ ጠላት፣ ከያዘህ ብዙ ጊዜ ማለፊያ የለህም። እዚህ ግን ማርጊት የሚባለው ቦስ የመጀመሪያው ግንብ መግቢያ ላይ ሲያስቸግርህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዊፒንግ ፔኒንሱላ ትወርዳለህ። ዋሻ ትበረብራለህ፣ ሌቭል ትጨምራለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ትገጥመዋለህ።

ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ ስሚዚንግ ስቶን (መሣሪያ ማጠንከሪያ ድንጋይ) እየሰበሰብክ መሣሪያህን አሳድግ። መጀመሪያ አካባቢ ምትህን የሚያከብደው ከሌቭል ይልቅ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሌቭል ስትጨምር ነጥብህን ቪገር ላይ፣ ማለትም የነፍስህ መጠን ላይ፣ አፍስስ። ጀማሪ ሁሉ ጉልበት ላይ ይጨምርና በአንድ ምት ይወድቃል።

ከዳንግላ፦ ቀላል የሚል ምርጫ አለው?

የለውም። ግን ስፒሪት አሽ የሚባሉ ረዳት መናፍስት አሉልህ። «ይሄ ማጭበርበር ነው» የሚሉህን አትስማ። ጌሙ ራሱ ነው የሰጠህ።

ከእንጅባራ፦ እኛ የፈረስ አገር ሰዎች ነን። ፈረሱ እንዴት ነው?

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን ላየ ሰው ቶረንት ቀላል ነው፤ ቀንድ ያለው፣ ሲጠሩት ከአየር የሚመጣ ፈረስ። አየር ላይ ሁለተኛ ይዘላል፣ ገደል መውጣት ያስችላል። ጉዞው ደስ ይላል። ውጊያው ላይ ግን ካሜራው ያናድዳል። ትልቅ ድራጎን ላይ ካነጣጠርክ ክንፍና እግር ብቻ ነው የምታየው። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ቶረንትን መጥራት አትችልም።

ከባሕር ዳር (ብዙ ሰው)፦ መብራት ቢሄድስ? ኢንተርኔትስ የግድ ነው?

ጌሙ በየደቂቃው ለማለት ይቻላል ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የምታጣው ትንሽ ነው። ፋይሉ እንዳይበላሽ ግን የሴቩን ፎልደር አልፎ አልፎ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ብትይዙ ይሻላል።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚቀርባችሁ ሌሎች ተጫዋቾች መሬት ላይ የሚተውት መልእክትና አብሮ መጫወቱ ነው። ለፒሲ ዝቅተኛው 12 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1060 የሚያህል የግራፊክስ ካርድ ነው፤ ባዶ ቦታ 60 ጊጋ። በ2022 ሲወጣ ፒሲ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) አያልፍም። ለዚህ ያህል ትልቅ ጌም አሳፋሪ ነው።

ከቢቸና፣ አንዲት እናት፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ይጫወተው?

እማማ፣ ይቆየው። አውሮፓ ውስጥ ከ16፣ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው የተፈቀደው። ደምና የሚያስፈራ ነገር አለበት። ትልቁ ልጅዎ የሚጫወት ከሆነ ግን ቡና ሲጠሩት «ትንሽ ቆዩ» ቢል አይቆጡት። ጌሙ ለአፍታ ማቆሚያ ቁልፍ አልተሰጠውም። ይሄም ከድክመቶቹ አንዱ ነው፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ለምን እንደከለከሉ አይገባኝም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሁሉም ያወድሰዋል፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸልሟል። እውነት ችግር የለበትም?

አለበት እንጂ። ሰው ከባድነቱን ይወቅሳል፤ እኔ የምወቅሰው ርዝመቱን ነው። መጀመሪያ የምታገኛቸው ክልሎች፣ ሊምግሬቭና ሊዩርኒያ ላይ እያንዳንዱ ጥግ አዲስ ነገር አለው። የበረዶው ተራራ ስትደርስ ሜዳው ይራቆታል፣ ጠላቶቹም ቀድመህ የምታውቃቸው ናቸው። መቃብር ቤቶቹ ውስጥ ያው የድንጋይ ጠባቂ ስንቴ ይመጣል! አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣው።

የባሰው የሰዎቹ ታሪክ ነው። አንዱ ያናግርህና ይጠፋል። የት ሄደ? የሚነግርህ መዝገብ የለም። ሌላ ቦታ ቀድመህ ከሄድክ ታሪኩ ሊቋረጥብህ ይችላል። ዓለሙን በራስ መፈለግ ደስ ይላል፣ ሰው መፈለግ ግን ሥራ ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገብህ አድርግ።

ከሞጣ፦ ማሌኒያ የምትባለዋን ቦስ እንዴት ላሸንፋት? ጋሻ ይዤ እንኳ እየዳነችብኝ ነው።

ጋሻህ ነው ችግሩ። ምቷ ጋሻ ላይ ቢያርፍም ነፍስ ይጨምርላታል። ስለዚህ ሽሽ፣ ተንከባለል። አየር ላይ ከፍ ብላ ለአፍታ ስትቆም ወደ ኋላ ሩጥ፣ ያ ጭፈራ የመሰለ ተከታታይ ምቷ ሊጀምር ነው። የምትደማ ስለሆነች ደም የሚያፈስ መሣሪያ ይሠራባታል። ደግሞ ካልፈለግህ ተዋት። ጌሙን ለመጨረስ እሷን መግደል ግዴታ አይደለም።