ቸርችል ጎዳና ለምን ጠፋብህ?

ወንድሜ፣ ዳታህ አልተበላሸም። ኪው ጂ አይ ኤስ (የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ምረጥ» ስትለው ቸርችል ጎዳና ለምን እንደሚቀር ነው የጠየቅከው። ቸርችል ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ለገሃር ድረስ ይወርዳል። ላዩ አራዳ ነው፣ ታቹ ቂርቆስ። «ዊዚን» (ውስጥ ያለ) የሚለው ምርጫ ደግሞ የሚቀበለው ሙሉ በሙሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ጫፉ ትንሽ ወጣ ካለ ይጥለዋል። «ኢንተርሴክት» (በከፊልም ቢሆን የነካ) በለው፣ ይመጣል። ርዝመት ልትደምር ከሆነ ግን መጀመሪያ በወሰኑ ቁረጠው፤ አለዚያ የአራዳው ክፍልም ለቂርቆስ ይቆጠርልሃል።

እኔን ያንገላታኝ የሕንፃ ቆጠራ ነበር። መሀል ከተማ ያሉትን ሕንፃዎች በወረዳ በወረዳ ስቆጥር ድምሩ ከጠቅላላው በለጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ስህተቱን ፈለግኩ። ለካ ወሰን የሚያልፍባቸው ሕንፃዎች ለሁለቱም ወረዳ ተቆጥረዋል! «ኢንተርሴክት» የነካውን ሁሉ ነው የሚያመጣው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ነጥብ ማውጣትና ነጥቦቹን መቁጠር ነው። ሴንትሮይድ (የቅርጹን መካከለኛ ነጥብ) ግን አልመክርህም። ታጥፎ የተሠራ ሕንፃ ሴንትሮይዱ ግቢው ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ግቢው ደግሞ የሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። «ፖይንት ኦን ሰርፌስ» የሚለውን ተጠቀም፤ እሱ ሁሌም ሕንፃው ላይ ነው የሚያርፈው።

የቀላል ባቡሩን መስመር ከመንገዱ ጋር ላገናኘው ወይ ላልከው፦ ለገሃር ጋ የባቡሩ መስመርና መንገዱ ካርታው ላይ ይቋረጣሉ፣ ግን አይገናኙም። ባቡሩ በድልድይ ከላይ ነው የሚያልፈው። ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ይህን አያውቅም፣ አንተ ልትነግረው ይገባል። ኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም ሰው የሚያርመው የጋራ ካርታ) ላይ ድልድይ መሆኑንና ሌየሩ፣ ማለትም የከፍታ ደረጃው፣ 1 መሆኑን ትጽፋለህ፣ የጋራ ነጥብ ግን አታስገባም። ካስገባህ ባቡሩ መሬት ላይ መንገዱን ያቋርጣል ማለት ነው። ይሄን እባክህ አደራ፣ ሌላውም ሰው ያንኑ ካርታ ነው የሚጠቀመው።

የባቡር ጣቢያዎቹ ዙሪያ 50 ሜትር በፈር (የዙሪያ ክልል) ስትሠራ አገሩን በሙሉ የሸፈነብህም የጣቢያዎቹ ዳታ የሚለካው በሜትር ሳይሆን በዲግሪ ስለሆነ ነው። 50 ዲግሪ ነው የሠራልህ። በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (ሶፍትዌሩ ላይ ኮዱ ኢፒኤስጂ 32637 ነው) ቀይረህ ድገመው። በአዲንዳን (በድሮው የካርታ መለኪያ መሠረት) የተሠራ የቆየ ፕላን ከቀላቀልክ ደግሞ አዲንዳን መሆኑን ለሶፍትዌሩ ንገረው። ዝም ብለህ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት መሠረት) ነው ካልከው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሽብሃል፤ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያ ማለት የአንዱ ሕንፃ ስም ሌላው ላይ ወጣ ማለት ነው።