«የጥምቀት ፎልደሬ ስልኬ ላይ የለም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ የምሠራ አስጎብኚ ነኝ። ኢሜይሌን ከአውትሉክ ወደ ተንደርበርድ ካዛወርኩ ሳምንቴ ነው። የድሮዎቹ መልእክቶች ላፕቶፔ ላይ «ሎካል ፎልደርስ» የሚል ስር ገብተዋል። ደባርቅ እንግዳ ይዤ ስልኬን ስከፍት ግን አንዱም የለም። ፎልደሮቹ 40 ደርሰዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አልጠፉም። «ሎካል ፎልደርስ» ውስጥ ያለው የሚቀመጠው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ስልክህ የሚያሳይህ ሰርቨሩ (የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ያለውን ነው። አካውንትህ በአይማፕ (ኢሜይሉን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ በሁሉም መሣሪያህ በሚያሳየው መንገድ) የገባ ከሆነ፣ በአካውንቱ ስም ስር የከፈትከው ፎልደር ስልክህም ላይ ይመጣል። በፖፕ (ኢሜይሉን አንድ መሣሪያ ላይ በሚያወርደው መንገድ) ከሆነ ግን አይመጣም፤ መጀመሪያ በአይማፕ አስገባው።

ምንም ሳትነካ ተንደርበርድን ዝጋና የፕሮፋይሉን ፎልደር (ኢሜይልህን የሚያስቀምጥበትን) እንዳለ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ምሽት አዘዞ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአምስት ዓመት ኢሜይል በአንዴ ሳዛውር መብራት ጠፋ። ብዙው ተረፈ። ከጎደሉት አንዱ ግን እህቴ ከአገር እንደወጣች የጻፈችልኝ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ባትሪህን ሙላ። መልእክቶቹን ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ እያደረግክ ምረጥና በቀኝ ክሊክ «ኮፒ ቱ» ብለህ በአካውንቱ ስም ስር ወደከፈትከው ፎልደር ገልብጥ። «ሙቭ ቱ» እንዳትል! ከዚያ ብዛቱን ከዋናው ጋር አመሳክር፤ ቁጥሩ ከታች በኩል ይታያል። እኩል ቢሆንም ዋናውን ቶሎ አታጥፋ፤ እኔ አንድ ወር አቆየዋለሁ። ኮፒው ሰርቨሩ ላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ቦታህንም እይ፤ ጂሜይል ከሆነ በነጻ የሚሰጥህ 15 ጊጋባይት ነው፤ ያውም ከድራይቭና ከፎቶ ጋር ተደምሮ።

አርባው ፎልደር በዝቷል። ለየእንግዳው አንድ አንድ መክፈት አያስፈልግም፤ ሰውን በስሙ ፈልገህ ታገኘዋለህ። በጉዞው ክፈለው፦ ስሜን፣ ጥምቀት፣ ፋሲል ግቢ። ሒሳብ ለብቻው ይሁን። ተንደርበርድ በስም ቅደም ተከተል ስለሚደረድር፣ ቶሎ ቶሎ የምትከፍተውን ፊቱ ላይ 01 ብለህ ጻፍበት።

ዓመት ስትጽፍ ደግሞ የእኛን ከፈረንጁ አትቀላቅል። የ2016 ጥምቀት ለእንግዳህ ጃንዋሪ 2024 ነው። ኢሜይሉ ላይ የሚታየው ቀን የፈረንጁ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ፎልደሩንም በዚያው እሰይመዋለሁ።

መጀመሪያ «ጥምቀት»ን አዛውር። ለበዓሉ ክፍል አስይዝልን የሚሉህ ሰዎች ደባርቅ ሆነህም ቢሆን መልስ ይፈልጋሉ።