ብርድ ልብሱን ወደ ወረዳ ስቶር አታስገቡት

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይኼን ነው፦ «ፒያሳ ከምንሠራበት ሕንፃ ሥር በረንዳው ላይ ሁለት ልጆች የያዘች እናትና አንድ አዛውንት ከሌሎች ጋር ያድራሉ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ይገርፋቸዋል። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር አዋጥተን ብርድ ልብስ ገዝተናል፤ ለወረዳ ልናስረክብ ነው። ወረዳውስ መጠለያ ይሰጣቸዋል ወይ?» እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «ተባረኪ፣ ወረዳ ሂጂ» ነው ያሉሽ። ልብሱን ሳታስረክቡ ይቺን አንብቢ።

1ኛ. ብርድ ልብሱ ስቶር እንዳይገባ። ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይኼ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ በቅን ልብ ስለሆነ የበለጠ ያንገበግባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲረከብ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብርድ ልብሱ የመንግሥት ንብረት ነው። ለማውጣት ጠያቂው ክፍል ሞዴል 20 የሚባለውን መጠየቂያ ይሞላል፣ ኃላፊው ያፀድቃል፣ ንብረት ክፍል ሞዴል 22 የሚባለውን የወጪ ደረሰኝ ይቆርጣል። በሌላ ወር ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። አሁን ግን ሐምሌ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ ስቶሩ የዓመቱን ቆጠራ ላይ ነው፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ፈቃድ ወጥቷል፣ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። ቆጠራ ላይ ያለ ስቶር ዕቃ አያወጣም። ብርድ ልብሱ ታሽጎ ተቀምጦ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ሰው ሲንቀጠቀጥ የሚያነጋው በዚህ ምክንያት ነው። ንብረት ክፍሉን ሌባ አትበሉት። ያለ ሞዴል 22 አንዲት ልብስ ቢያወጣ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጥፋቱ ያለው ለክረምት የሚሆን ዕቃ በግንቦት ወጪ አድርጎ ባላዘጋጀው ኃላፊ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ርክክቡን በረንዳው ላይ አድርጉት። ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ፣ ከማህበረሰብ ፖሊስ አንድ፣ ከእናንተ ሁለት ሰው ይበቃል። ቃለ ጉባኤ በሦስት ቅጂ ያዙ፤ ሠንጠረዡ ተራ ቁጥር፣ ስም ወይም የሚጠሩበት ቅጽል፣ የሚያድሩበት ቦታ፣ ምን ስንት እንደተሰጠ፣ ፊርማ ወይም አሻራ ይኑረው። የቀለም ፓድ አትርሱ። ወረዳው ለሪፖርቱ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ነው፤ ቃለ ጉባኤው በእጁ እንደሚገባ ካወቀ ባለሙያው ደስ ብሎት ይመጣል። ዕቃው ግን ከእናንተ እጅ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ እጅ ይሄዳል።

ሰዓቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን። ቀን ላይ ካደላችሁ እዚያ የማያድር ሁሉ ይሰለፋል፤ የምታስቢያት እናት ደግሞ ልጅ አዝላ ልመና ላይ ስለምትሆን አታገኚያትም። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሌሊቶች 10 ሰዓት ገደማ ሂዱና ቁጠሩ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ገብቶ ተኝቷል። ለአሥር ሰው ሁለት ትርፍ ያዙ። ባነርና ካሜራ አይምጣ። ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ዕርዳታ የሚቀበል ሰው አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይገባችኋል።

2ኛ. በቃል የተነገረ ጉዳይ ወረዳ ላይ ጉዳይ አይደለም። ባለሙያዋ አዝና ብታዳምጥሽም በማግሥቱ በሌላ ሥራ ትዋጣለች። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጂ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በቀሪው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቺ። ከዚያ በኋላ «የምን ደብዳቤ?» ሲሉሽ ቁጥሩን ትጠሪያለሽ። ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጨርሺው፦ የትኛው ሕንፃ ሥር፣ ስንት አዋቂ፣ ስንት ሕፃን በዕድሜ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ አለች ወይ፣ የታመመ አለ ወይ፣ ምን ትጠይቃላችሁ። «ይረዱልን» ብለሽ አትጨርሺ። «ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) 6፣ ወፍራም ላስቲክ 24 ሜትር፣ አንድ ባለሙያ ለርክክብ» ብለሽ ጻፊ። በቁጥር የተጠየቀ ነገር ወይ ይፈቀዳል ወይ ይከለከላል፤ «ይረዱልን» የተባለው ግን ፋይል ውስጥ ያድራል።

ድንበሩን አጣሪ። መሀል ከተማ ላይ አንድ መንገድ ሁለት ወረዳ፣ አንዳንዴም ሁለት ክፍለ ከተማ ይለያል። ሰዎቹ ዝናቡ ከሚገፋበት አቅጣጫ ወደ ማዶ በረንዳ ሲሻገሩ «አሁን የኛ አይደሉም» ይባላል። ደብዳቤውን ለክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት አድርጊና ግልባጩን ለሁለቱም ወረዳ ስጪ፤ ያን ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ሊመራሽ አይችልም። «መታወቂያ የላቸውም፣ ነዋሪ አይደሉም» የሚል መልስም ይመጣል፣ አንዳንዴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይሽ። መታወቂያ ለሴፍቲኔት ምዝገባ ወይም ለቤት ይጠየቅ፤ ዝናብ ለሚመታው ሕፃን ላስቲክ ለመዘርጋት ግን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን አያውቀውም። በትህትና፣ ግን ሳትነሺ፣ «እንግዲያው መልሱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በይ። አብዛኛው እዚህ ላይ ይለሳለሳል።

3ኛ. የትኛው በር። ብዙ ሰው ማህበራዊ ጉዳይን ብቻ ያንኳኳል። ክረምት ላይ የሚንቀሳቀሰው የሕብረተሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ በእነሱ በኩል ስለሚሄድ ወጣትም ዕቃ የሚለግስ ባለሀብትም የሚያስተባብሩት እነሱ ናቸው። ሌላው የሚረሳው ደንብ ማስከበር ነው። ማታ የዘረጋችሁትን ላስቲክ ጠዋት አንሥተው የሚወስዱት ደንብ አስከባሪዎች ናቸው፤ ትእዛዝ አለባቸው። የደብዳቤውን ግልባጭ ለእነሱም ስጡ፣ «ማታ 2 ሰዓት ይዘረጋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተጠቅልሎ ይነሣል» ብላችሁ ተስማሙ፣ ጠዋት የሚጠቀልለውንም ሰው ከአዳሪዎቹ መካከል ምረጡ። ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የድሮዎቹ ቤቶች ከነበረንዳቸው ከፈረሱ ወዲህ የሚያስጠልል ጥግ ጠቧል፣ የቀረውም ይጠበቃል፤ ያለ ስምምነት የተዘረጋ ላስቲክ ብዙ ቀን አይቆይም።

ስለ መጠለያው በቀጥታ ልመልስልሽ። ከወረዳ የዛሬ ማታ አልጋ አትጠብቂ። የከተማ ሴፍቲኔት ጎዳና ላይ ያሉትን የሚያቅፍ ክፍል አለው፣ ግን ምዝገባው በዙር ነው፤ ለዝናብ ሌሊት የተሠራ አይደለም። ያም ሆኖ የእናትየውን ስም ለቀጣዩ ዙር አስይዢላት። ፋይዳ ከሌላት አስመዝግቢያት፤ ምዝገባው በነፃ ነው፣ ሰነድ ለሌለው ሰው ደግሞ ፋይዳ ያለው ምስክር ይቆምለታል። አዛውንቱ ጧሪ ከሌላቸውና ራሳቸውም ከፈቀዱ የአረጋውያን መርጃውን መቄዶንያን ጠይቂ። «ከፈቀዱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ጎዳና ላይ ያለ ሰው አፈሳን ይፈራል። ሳትነግሪው ስሙን ለቢሮ ከሰጠሽና አንድ ማታ መኪና ከመጣ፣ የቀሩት በረንዳውን ለቀው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ።

ወንዝ ዳር ደግሞ ከበረንዳ የከፋ ነው። ቀበናም ግንፍሌም ውኃቸው ከእንጦጦ በኩል ነው የሚወርደው፤ እዚህ ሳይዘንብ ላይ ከዘነበ ጎርፉ በደረቅ ሰማይ ደርሶ ድልድይ ሥር የተኛውን ይወስዳል። ወደዚያ የወረደ ሰው ካወቃችሁ ንገሩት፦ ውኃው ከደፈረሰና ቅጠልና ላስቲክ ይዞ መውረድ ከጀመረ ዕቃ ሳይሰበስብ ይውጣ። የእሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ ልመለስ፣ የገዛችሁት ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፍሽምና። ከከተማው ከፍታ የተነሣ፣ ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የሐምሌ ሌሊት እርጥብ የሆነን ሰው ይገድላል። ወፍራም ጥጥ ወይም ጋቢ ውኃ ከጠጣ ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም፤ ፖሊስተር ሲጨመቅ ቶሎ ይደርቃል። ከሁሉ በፊት ግን ከሥር ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለእርጥብ ሲሚንቶ ይሰጣል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከሥር ቢያነጥፍ ሁለቱንም ከላይ ከሚደርብ ይሻለዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከታች ፓሌት፣ ከእሱ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ የፍሪጅ ካርቶን አራት ድርብ፣ ከዚያ ሰው። ፓሌቱ ከወለሉ ከፍ ስለሚያደርግ በበረንዳው ላይ የሚፈሰው ውኃ ከሥር ያልፋል። ካርቶኑ በቀጥታ መሬት ላይ ከሆነ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ይበሰብሳል። ከፊት የሚጋረደው ላስቲክ የታችኛው ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈ የሚረጨውን ውኃ ሰብስቦ እላያቸው ላይ ያፈሰዋል። በሁለቱ ጎን አንድ አንድ ክንድ ክፍት ይቅር። ላስቲክ ውስጥ ከሰል የሚያነድ ካለ ለምናችሁም ቢሆን አስወጡት፤ ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው በእንቅልፍ ይወስዳል።

ዕድር ካላችሁ ድንኳኑን ጠይቁ። ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሸራ ነው፤ አንድ ክንፉ ብቻ ለዚያ በረንዳ ይበቃል።

ያገለገለ ልብስ የምትጨምሩ ከሆነ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ስፌቱ በካውያ ተተኩሶ ይምጣ። የሰውነት ቅማል የሚኖረው ስፌት ውስጥ ነው፤ ክረምት ላይ ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን የሚያዛምተው እሱ ነው። ድንገት ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት የያዘው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከፋርማሲ ክኒን ገዝታችሁ በረንዳ ላይ አትስጡት። በሚያገረሽ ትኩሳት የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳቱ ይነድዳል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ሰዓት ባለሙያ አጠገቡ መኖር አለበት።

ልጆቹን እያያችሁ እስትንፋስ ቁጠሩ፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ የሳንባ ምች ነው ብላችሁ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። አዛውንቱን ደግሞ በንግግራቸው እዩአቸው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው መንቀጥቀጡ ቆሞ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ከተወላገደ፣ አልሞቀውም፤ ብርዱ ውስጡ ገብቷል። አላፊ አግዳሚው «ሰክሯል» ብሎ የሚያልፈው ይኼን ሰው ነው። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ራሱንም ሸፍኑት፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም አጥሚት ስጡት፣ አረቄ አትስጡት፤ አረቄ ቆዳውን አሙቆ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውሉ «የጎዳና ሰው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «አንደበቱ የተሳሰረ፣ የቀዘቀዘ አዛውንት» በሉና ቦታውን ንገሩ።

ዛሬ ሌሊትና ነገ ሌሊት ቁጠሩ፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሁኚ። ቀኑ ዓርብ ከዋለ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ማንንም አታገኚም።