ፍል ውሃው በጠዋት፣ ሳላው በማታ

ጥያቄ፦ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከድሬዳዋ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ቀን ደርሼ መመለስ አስቤያለሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ፍል ውሃው ግን አምሯታል። ከየት ልጀምር? (ከከዚራ)

መልስ፦ ደርሶ መልሱን ይተዉት። በደንገጎ፣ በቁልቢና በጭሮ አድርጎ ፓርኩ አጠገብ እስካለችው ከተማ እስከ አዋሽ 7 ኪሎ ድረስ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠመዝማዛውና በጭነት መኪናው ብዛት 6 ሰዓት ቢፈጅ አይገርምም። በዋዜማው ገብተው እዚያው ይደሩ። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ይግልና መያዝ ያቆማል።

ብዙ ሰው ጠዋት ሳላ (ረጅም ቀንድ ያለው የሜዳ የዱር እንስሳ) ለማየት ኢላላ ሳላ ሜዳ ይገባና ፍል ውሃውን ለከሰዓት ያቆያል። እኛ ተቃራኒውን እንመክራለን። ፍል ውሃው ከአስፋልቱ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል፤ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ስለሆነ መሄጃው ብቻ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እኩለ ቀን ከሆነ ፀሐዩም ውሃውም ያቃጥላል፤ ማምሻውን ጎማ ቢተነፍስ ደግሞ የሚረዳዎት አያገኙም። ሳላው ከ10 ሰዓት በኋላም ይታያል፣ ሜዳውና የአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ ለአስፋልቱ ይቀርባሉ። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዘው ወደ ሰሜን ይነሱ።

ቪትዟን ግን ለዚህ መንገድ አይፍረዱባት። አንድ ሹል ድንጋይ ካርተሯን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ከነደለው ዘይቱ ሳያዩት ይፈስና ሞተሩ ይቃጠላል። ከድሬ ከፍ ያለ ፎር ባይ ፎር ተከራይተው ይውጡ፤ የግራር እሾህ ጎማ አይምርምና 2 ስኮርት ጎማ፣ ክሪክና ለሰው 5 ሊትር ውሃ ይጫኑ። የምንጩ ውሃ አይጠጣም።

ለእናትዎ፦ ምንጩ አጠገብ ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል። ስካውቱ ውሃው በረድ የሚልበትን ያሳያችሁ፤ መጀመሪያ በክንድ ይሞክሩት። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ድንገት ይወርዳል፤ ብድግ ሲሉ ራስ ያዞራል፣ የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐኪማቸው ከፈቀደ እግራቸውን እስከ ጉልበት ነክረው 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ልጆቹን እጃቸውን ይያዙ፤ ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ጥልቁ ቅርብ ይመስላል። ፏፏቴው ጋ ግን ማንም ውሃ አይግባ፣ ወንዙ አዞ አለበት።

ጥያቄ፦ ፓርኩ ውስጥ ባለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ነበር። መሄዱ አያሰጋም? (ከሐረር ጀጎል)

መልስ፦ ውሃውን የሚያፈላውና መሬቱን ያንቀጠቀጠው ምንጫቸው አንድ ነው። የዝናብ ውሃ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ወደ ታች ሰርጎ በጋለ አለት ይሞቅና ተመልሶ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለወራት የተሰማው መንቀጥቀጥ ደግሞ ቅልጥ አለት በፈንታሌና ከእሱ በስተሰሜን ባለው በዶፈን ተራራ መካከል ከመሬት በታች እየሰነጠቀ ስለገባ ነው። ከመነሳትዎ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ይጠይቁ። እንፋሎት የሚወጣበት ጉድጓድ ላይ አያጎንብሱ፤ ጋዙ ያፍናል። ስንጥቅ በአፈር ተሸፍኖ ደህና መሬት ሊመስል ስለሚችልም ከነባሩ የጎማ ዱካ አይውጡ።