ማታ በቦሌ በኩል እናትሽን ይዘሽ ስትበሪ፦ ስለ ሰልፉና ስለ ቼክ ኢን ሠራተኞች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ በማታ በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ልትመለሺ ነው። ባለፈው ጉዞሽ ሰልፉ መጨረሻው የማይታይ እንደነበረና ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሳታይሽ በቁጣ እንዳናገረችሽ ጽፈሻል። ስንት ሰዓት ልድረስ፣ ሲያመናጭቁኝ ምን ልበል፣ እናቴንስ ከዚያ ግፊያ እንዴት ላድናት ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ ለዓመታት በአንድ ትልቅ ኤርፖርት በቼክ ኢን ካውንተር ሠርቻለሁ። ዛሬ እንደ አንቺው ሻንጣ እየጎተትኩ የምሰለፍ መንገደኛ ነኝ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የማውቀውን እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን የማምንበትን ልናገር፦ ማመናጨቅ የዚያ ሥራ አካል አይደለም። ድካምም ሆነ የአለቃ ጫና እናትን በሰው ፊት ለማሳቀቅ ፈቃድ አይሆንም። ይህን የምለው በዚያ ወንበር ላይ ያመሸሁ ሰው ሆኜ ነው። ሆኖም ሠራተኛዋ የምትፈራው ምን እንደሆነና ሥልጣኗ የት ድረስ እንደሚሄድ ካወቅሽ፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ ሳይጀመር ይቀራል።

ከሰልፉ ልጀምር። ቦሌ የመሸጋገሪያ ማዕከል ስለሆነ መጨናነቁ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። ከአፍሪካ ከተሞች የተነሱ አውሮፕላኖች አመሻሽ ላይ ተከታትለው ያርፋሉ። መንገደኞቻቸው ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ እስያ በሚነሱ የሌሊት በረራዎች ይሳፈራሉ። ጠዋት ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በረራዎቹ ካልተቀራረቡ መሸጋገሪያነቱ አይሠራም፤ ሲቀራረቡ ደግሞ ከከተማው የሚነሳው መንገደኛም አብሮ በእነዚያው ጥቂት ሰዓታት ይደርሳል። ተርሚናሉ ተስፋፍቶ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተብሎ ነበር። ነገር ግን የዓመቱ ቁጥር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በአንድ አዳራሽ ስንት ሰው እንደሚቆም አይናገርም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲስ ኤርፖርት እስኪደርስ ድረስ ይህንን ሰዓት አስልቶ መሄድ የእኛ ድርሻ ነው።

አረጋዊትና ልጆች ከያዝሽ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ አራት ሰዓት ቀደም ብለሽ በር ላይ ድረሺ። ብዙ አየር መንገዶች ለዓለም አቀፍ በረራ አንድ ሰዓት ሲቀር ቼክ ኢን ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሠራተኛዋ ርኅራኄ እንኳ አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሩ ስለሚቆለፍ ነው። ከቼክ ኢን በፊት ደግሞ ሻንጣው ሁሉ የተርሚናሉ በር ላይ ይፈተሻል። ከቼክ ኢን በኋላ ኢሚግሬሽን አለ፣ ሁለተኛ ፍተሻ አለ፣ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ተጨማሪ ጥያቄና ፍተሻ ይኖራል። ሸኚ ከበሩ ወዲያ አያልፍም። ስለዚህ ስንብቱን እቤት ጨርሱት። ቡናው ይፈላ፣ ምርቃቱም እዚያው ይሁን። አክስቶችና የአክስት ልጆች በሙሉ ኤርፖርት ድረስ መጥተው በር ላይ የሚለቀሰው ልቅሶ ስንት ሰው በረራ እንዳስመለጠው በዓይኔ አይቻለሁ።

የሰዓቱን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ቲኬቱ ላይ 22:45 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:45 ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰውን የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳው በረራ ነው። ቲኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ ስለዚህ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን አስጭነው የመጡ፣ አውሮፕላናቸው ግን ትናንት የሄደባቸው ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። ለዚያ ሰው ያን ዜና መንገር ለሠራተኛውም ከባድ ነው። እናትሽ ቀኑን ከዘመድ ጋር የሚያወሩ ከሆነ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ስጫቸው።

አሁን ወደ ሠራተኛዋ ልምጣ። ካውንተር ላይ ያለ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው የመግቢያ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ አሳፍሮ መላክን ነው። መንገደኛው መግባት ተከልክሎ ከመድረሻው አገር ሲመለስ አየር መንገዱ ይቀጣል፤ ለምሳሌ ብሪታንያ ተገቢ ሰነድ ለሌለው ለእያንዳንዱ ሰው እስከ 2,000 ፓውንድ ታስከፍላለች፣ አሜሪካም ትቀጣለች። ለዚህ ነው ሠራተኞች ታይማቲክ በሚባለው የየአገሩ የመግቢያ ደንብ ማውጫ እየተመሩ ‹‹ቪዛው የት አለ? መመለሻ ቲኬት አላቸው? የት ነው የሚያርፉት?›› እያሉ የሚያጣድፉት። ጥያቄው ራሱ ንቀት አይደለም። ንቀት የሚሆነው አጠያየቁ ነው። መልሱን ሳትጠየቂ አስቀድመሽ ካዘጋጀሽ ግን ለክፉ አጠያየቅ ጊዜ አትሰጫትም። ፓስፖርቶቹ ከነሽፋናቸው ቦርሳ ውስጥ ተቀብረው ከሚፈለጉ፣ ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ተከፍተው በእጅሽ ይሁኑ።

የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው የስም ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንቺ በአባትሽ፣ እናትሽ በአያትሽ፣ ልጆችሽ በባልሽ ስም ትጠራላችሁ። አራት ሰው አብሮ ቆሞ አራቱም በወረቀት ላይ የማይዛመዱ ይመስላሉ። አዲስ አበባ ላይ ሠራተኛዋ ይህንን ትረዳዋለች፤ ሌላ አገር ያለው ሠራተኛ ግን ሕፃን ይዛ የምትሄድ፣ በስም የማትገናኘውን ሴት ሲያይ ሥራው ስለሆነ ይጠይቃል። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ያዢ። አባታቸው አብሮ የማይጓዝ ከሆነ መፍቀዱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ ጨምሪ። የእናትሽን ቲኬት ደግሞ ዛሬውኑ አውጥተሽ ፓስፖርታቸው ግርጌ ካለው፣ በማሽን ከሚነበበው መስመር ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋር ‹ዋይ› ሌላው ጋር ‹አይ› ይገባበታል። የስም ማስተካከያ ከጉዞው ሳምንት በፊት በቲኬት ቢሮ ወይም በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከኋላሽ ሁለት መቶ ሰው ቆሞ ሲጠየቅ ግን የቁጣ መነሻ ይሆናል።

ሻንጣውን እቤት መዝኚው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሚዛን ገበያ ላይ አለ። ቲኬታችሁ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚል ከሆነ ሁለቱም በየራሳቸው ነው የሚመዘኑት፤ አንዱ 28 ሌላው 18 ቢሆን ድምሩ ልክ ነው ብሎ መከራከር አያስኬድም። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነን ሻንጣ ደግሞ ገንዘብ ብትከፍዪም አይቀበሉትም፤ ያ ገደብ ለሚሸከመው ሠራተኛ ወገብ ተብሎ የወጣ ነው፣ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። በርበሬውና ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ የተያዘ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል፣ ሊያስጥልም ይችላል። ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ቋንጣውን ተዪው፤ አሜሪካ ሲደርስ ይወሰዳል። ሰው ‹‹ይህችን ብቻ ለልጄ አድርሺልኝ›› ብሎ የሰጠሽን የታሸገ ዕቃ ግን ከፍተሽ ሳታዪ አትያዢ፣ ሰጪው ቅር ቢለውም። ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ወይ ያዘጋጀሽው ተብለሽ ስትጠየቂ በሙሉ አፍሽ አዎን ማለት አለብሽ።

እናትሽን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ዊልቸር ጠይቂ። እናቶቻችን ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬ ደህና ነው›› ይላሉ፤ እግራቸው ደህና ቢሆንም ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ቲኬት ሲቆረጥ ይመዝገብ፣ ቢያንስ 48 ሰዓት ሲቀር ደውለሽ አረጋግጪ፣ ካውንተር ላይ ደግመሽ አስታውሺ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በተለየ መስመር ያልፋል፤ አብሮት ያለ አስታማሚም እንዲከተለው ይፈቀዳል። ዋሽንግተን፣ ደለስ ኤርፖርት ስትደርሱም የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ ያቀልላችኋል። መድኃኒታቸው ካለ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሐኪሙ የጻፈውም ወረቀት አብሮ።

ሲያመናጭቁሽስ? ድምፅሽን ሳታነሺ፣ ከቦታሽም ሳትነቃነቂ ‹‹የጎደለው ሰነድ ምንድን ነው? ደንቡን አሳዪኝ›› በያት። ይህ ጥያቄ ነገሩን ከሰው ወደ ሥራ ይመልሰዋል። ካልሆነ ‹‹ተረኛ ኃላፊ ይጠራልኝ›› በይ። ካውንተር ላይ ያለች ልጅ የትርፍ ኪሎ ክፍያ መተው፣ የተዘጋ በረራ መክፈት፣ መቀመጫ ከሞላ በኋላ ቦታ መፍጠር አትችልም፤ ያ የኃላፊው ነው። ከእሷ ጋር በማትወስነው ነገር ግማሽ ሰዓት መጨቃጨቅ ሁለታችሁንም ያደክማል። ደረቷ ላይ ያለውን ስም፣ የካውንተሩን ቁጥርና ሰዓቱን ግን ጽፈሽ ያዢ። ‹‹ሠራተኞቻችሁ ባለጌ ናቸው›› የሚል አቤቱታ መልስ አያገኝም። ‹‹በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ካውንተር ቁጥር ይህ ላይ እናቴ ተሰድበዋል›› የሚለው ግን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ እኛም ስንሠራ የምንፈራው እሱን ነበር።

ሻንጣ ስታስረክቢ የሚለጠፍበትን ወረቀት እዪ፤ ወደ ደለስ የሚሄድ ከሆነ ‹አይ ኤ ዲ› የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይይዛል። ቁራጩን አትጣይው። ኢትዮጵያም አሜሪካም ፈራሚ በሆኑበት በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣ ተጎድቶ ከደረሰ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ በእጅሽ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባሻል። የካሳው ጣሪያ ኤስ ዲ አር በሚባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519 ነው፤ ወደ ሁለት ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር ልጨምር፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ከአንቺ ጎን የሚሰለፉት ብዙዎቹ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ይሆናሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አንቺ መብትሽን ታውቂያለሽ፣ እንግሊዝኛም ትናገሪያለሽ፤ እነሱ ግን የሚነገራቸውን ሁሉ እሺ ብለው ይቀበላሉ። በአንድ የመሸጋገሪያ ኤርፖርት ሠራተኛው የአንዷን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ‹‹ወደዚያ!›› ሲላት አይቻለሁ። ልጅቷ የት እንደሆነ ስላልገባት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የመሳፈሪያ ወረቀቷን ተቀብዬ ባነበው የበሩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ማንም አላሳያትም እንጂ። ወደ ሠራተኛው ተመልሼ እንዲህ አይባልም አልኩት፤ ምንም አልመለሰልኝም፣ ቀጥላ የመጣችውን ግን በሥርዓት አስተናገዳት። ሁላችንም ይህንን ብናደርግ የሰልፉ ጠባይ ይለወጣል ብዬ በእርግጠኝነት አምናለሁ። ቦታው ካለሽ አንዷን ‹‹የኔ እህት፣ በርሽ ስንት ቁጥር ነው?›› ብለሽ ጠይቂያት። ልጆችሽም ይዩሽ።

በመጨረሻ፣ የእናትሽን ሁኔታ በትክክል እንድመልስልሽ ሁለት ነገር ጻፊልኝ። የሚመጡት በጉብኝት ቪዛ ነው ወይስ በስደተኛ ቪዛ ለመኖር? በስደተኛ ቪዛ ከሆነ ኤምባሲው የሰጣቸው የታሸገ ፖስታ ካለ ሳይከፈት በእጅ ቦርሳቸው መያዝ አለበት። በረራውስ ቀጥታ ነው ወይስ በሌላ ከተማ ቀይራችሁ የምትሳፈሩበት? በሌላ ከተማ ከሆነ የዚያን አገር የትራንዚት ቪዛ ደንብ ዛሬውኑ እንይ፤ ለአሜሪካ ፓስፖርት የማይጠየቅ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሊጠየቅ ይችላልና።