ኤር ማክስ 1፦ ጠይቁኝ፣ ግን ፎቶ ላኩ

ባሕር ዳር ውስጥ ስኒከር እጠግናለሁ። ዛሬ ስለ ናይኪ ኤር ማክስ 1 ጠይቁኝ። የሶሉን ፎቶ ሳይልክ «ኦርጅናል ነው?» የሚለኝ ግን መልስ አይጠብቅ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ሶሉ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት የምታሳየው መስኮት ከየት መጣች?

መ፦ ተባረክ፣ ይቺን ነው የምወዳት። የነደፈው ቲንከር ሃትፊልድ የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነው። ፓሪስ ሄዶ የፖምፒዱ ማዕከልን አየ። ቧንቧው፣ ደረጃው፣ ብረቱ ሁሉ ውጭ የወጣ ሕንፃ ነው፤ ተገልብጦ እንደተለበሰ ኮት። አየሩማ ከ1978 ጀምሮ ቴይልዊንድ በሚባለው የናይኪ ጫማ ሶል ውስጥ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የጠፈር መሐንዲስ የነበረው ፍራንክ ሩዲ ነው። ግን ማን አይቶት! ሃትፊልድ ሶሉን ከፍቶ አሳየው። 1987 ላይ ገበያ ወጣ። መጀመሪያ መስኮቷ ሰፊ ነበረች፤ እየተሰነጠቀች ስላስቸገረች አሳነሷት። ዙሪያውን የከበበው ቀይስ? ተራ ጫማ እንዳልሆነ ከሩቅ እንዲታወቅ ነው።

ጥ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መ፦ ቅዳሜ ገበያ ጠይቂ እህቴ።

ጥ፦ የኔ አሪፍ ነው?

መ፦ የቱ? ፎቶ!

ጥ፦ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ 15 ዓመት ካርቶን ውስጥ ነበር። ባደረግኩት ቀን ሶሉ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ፎርጅድ ነው ማለት ነው?

መ፦ አይደለም! ስንቴ ልናገር? ሶሉ ፖሊዩሪቴን ነው፤ እንደ ስፖንጅ ያለ ፕላስቲክ። እርጥበት ቀስ እያለ ከውስጥ ይበላዋል። ባታደርገውም ይፈርሳል። የጣናን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። እኔ ራሴ ለወንድሜ ሠርግ አውጥቼው፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ስንነሳ ተረከዜ መሬት ላይ ቀረ። ማስቲሽ አይመልሰውም። ሶሉ ይቀየራል፣ አለቀ።

ጥ፦ ምን መስኮት ያስፈልጋል? አበበ ቢቂላ ቶኪዮን በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ!

ሌላ አባል፦ ኧረ ባክህ! ባዶ እግሩን ሮም ነው፣ 1960። ቶኪዮ በ1964 ፑማ አድርጓል።

ጥ፦ አባቴ ግን ባዶ እግሩን ነው ያለኝ።

ሌላ አባል፦ አባትህ ሮምን ነው የነገሩህ።

መ፦ ሁለተኛው ልክ ነው። አበበን ተዉልኝ፣ ወደ ጫማው።

ጥ፦ ጠዋት ጠዋት ልሩጥበት?

መ፦ አሮጌ ከሆነ በፍጹም። አዲስ ከሆነ ለእግር ጉዞ ይበቃሃል።

ጥ፦ በማስቲሽ ባጣብቀውስ?

መ፦ ከላይ አንብብ።

ጥ፦ ጋሼ፣ የኔስ ኦርጅናል ነው?

መ፦ ፎቶ።