ለኤችአይቪ የትግበራ ጥናት ገንዘብ ማን ይሰጣል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በጤና ጣቢያችሁ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል የ6 ወር ቀጠሮ አለ፤ ማለትም ታካሚው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይወስዳል፤ መውሰድ የሚችሉ ብዙ ታካሚዎች ግን እምቢ ይላሉ። ምክንያቱን አጥንቼ መፍትሔ ልሞክር ብል ብሩን ከየት አገኛለሁ ነው ያልሽው። ፕሮፖዛል ከሚጽፉ ቡድኖች ጋር ብዙ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ርዕሱን ቀይሪው። "የ6 ወር ቀጠሮ ያለመቀበል መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች" ለመመረቂያ ያልፋል። ገንዘብ ሰጪው ግን "እሺ፣ አወቅሽ። ከዚያስ?" ይልሻል። እኛ አገር መጠኑና ተያያዥ ምክንያቱ ያልተጠና ነገር መኖሩን እንጃ!

የትግበራ ጥናት የሚጀምረው ነገሩ መሥራቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለውን ሌናካፓቪር የተባለ መርፌ እንደ ምሳሌ ውሰጂ። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ካገኙት 2,134 ሴቶች አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። አሁን የቀረው ጥያቄ ማን ይሰጠዋል፣ የት፣ በስንት ብር የሚለው ነው። ያንቺም እንዲሁ ነው። የ6 ወር ቀጠሮ አገራችን የገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዎች ለምን እንደሚሸሹትም በከፊል ይታወቃል። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ከቤተሰብ ተደብቆ የሚኖር ሰው ያን ሁሉ ብልቃጥ የት ያስቀምጠው? ሲንቀሳቀስ ይንቀጫቀጫል እኮ።

ስለዚህ መፍትሔውን ይዘሽ ቅረቢ። መድኃኒቱ ጽሑፍ በሌለው ከረጢት ይሰጥ፣ ወይም የ3 ወር አማራጭ ይኑር፣ ወይም ነርሷ ስለ ቀጠሮው የምታስረዳበት መንገድ ይቀየር። ከዚያ ለስንቱ እንደቀረበ፣ ስንቱ እንደተቀበለ፣ ባለሙያው በመመሪያው መሠረት መሥራቱን፣ ለአንድ ታካሚ ስንት እንደወጣ ለኪ። ወጪውን አደራ። ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጤና ቢሮው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ። ትልቁ ምንጭ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ነበር። አር21 የሚባለው የምርምር ድጋፉ ለሁለት ዓመት እስከ 275,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይሸፍናል። የኛ ሰዎች በብዛት የሚገቡት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በንዑስ ውል ነበር። በሜይ 2025 ግን ተቋሙ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ለውጭ አገር ንዑስ ውል መስጠት እንደሚያቆም አስታወቀ። ጥሪ ስታገኚ መጀመሪያ የውጭ ተቋም ይፈቀድለታል ወይ የሚለውን አንብቢ። ፔፕፋር (የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ እርዳታ ፕሮግራም) አብዛኛው ገንዘቡ ለአገልግሎት ነው፤ እሱም በጃንዋሪ 2025 የእርዳታ እገዳ ሲመጣ ምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የጋራ የምርምር ገንዘብ ሰጪ የሆነው ኢዲሲቲፒ አለ፤ ነገር ግን ብዙ ተቋማት ተጣምረው የሚገቡበት ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል።

በእኔ አስተያየት ባቅራቢያሽ ያለ ዩኒቨርሲቲ ከሚያወጣው የውስጥ የምርምር ጥሪ ጀምሪ። ብሩ ትንሽ ነው፤ ግን በአንድ ሁለት ጤና ጣቢያ ለመሞከር ይበቃል። እንዲህ ላለው ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ስለሆኑ አንድ መምህር አብሮሽ ይኑር።

ሌላው አበል ነው። አዲሱን አሠራር ለሚሠሩት ነርሶች ከፕሮጀክቱ አበል ከከፈልሽ ውጤቱ ያምራል። ብሩ ሲያልቅ አሠራሩም ያልቃል። እንዲህ የከሰመ ፕሮጀክት ስንት አይቻለሁ! አበሉ ለመረጃ ሰብሳቢ ይሁን፤ ሥራውን ግን በመደበኛ ሰዓታቸው፣ በመደበኛ ደሞዛቸው ይሥሩት። ገምጋሚዎች ይህን ቶሎ ያያሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይም አትመኪ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉም ያያይዛል። የዞኑ የኤችአይቪ ባለሙያ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጥ፤ ጥያቄውንም አብሮሽ ይቅረጸው። ጥናቱ ሲያልቅ አሠራሩን ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች የሚወስደው እሱ ነው።

ለጊዜው በኃላፊሽ ፈቃድ ከመዝገቡ ስም የሌለው ቁጥር አውጪ፦ ባለፈው ዓመት ለስንት ሰው ቀረበ፣ ስንቱ እምቢ አለ፣ ስንቱ ተቀብሎ ወደ ቀድሞው ቀጠሮ ተመለሰ። ከዚያ ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አየዋለሁ።